አጥንት የሚያበቅል መድኃኒት አለ ወይ?

አንድ አባት በቅርቡ የልጃቸውን ራጅ እያዩ "ዶክተር፣ ብረቱ ዙሪያ አጥንቱን ቶሎ የሚያበቅል መድኃኒት ካለ ንገረኝ፤ በሬዬንም ሸጬ አስመጣለሁ" አሉኝ። ልጁ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ቅልጥሙ ከተሰበረና ብረት ከገባለት 5 ወር ሆኖታል። አሁንም ሲረግጥ ያመዋል።

የለም ብላቸው እዋሻለሁ። በ1965 እ.ኤ.አ. ማርሻል ዩሪስት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ማዕድኑ የወጣለት አጥንት ጡንቻ ውስጥ ሲቀበር አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል አሳዩ። ከዚያ የተነሣው ቢኤምፒ የተባለ ፕሮቲን በአሜሪካ በ2002 ለወገብ ቀዶ ሕክምና፣ በ2004 ደግሞ ለክፍት የቅልጥም ስብራት ተፈቀደ። የሚዋጥ አይደለም፤ ስፖንጅ ላይ ተደርጎ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ይቀመጣል። በጣም ውድ ነው። ጉዳትም አለው፦ አንገት ላይ ሲጠቀሙበት መተንፈስ የሚከለክል እብጠት ስላመጣ በ2008 የአገሩ ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

በሬው ከመሸጡ በፊት ግን ልጁን ለብቻው አናገርኩት። (ይህን የምጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ለአባቱም ራሱ ነግሯቸዋል።) በቀን ግማሽ ፓኮ ሲጋራ ያጨሳል። ሲጋራ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ደም በደንብ ያልደረሰው አጥንት ደግሞ ቶሎ አይገጥምም። ሌላም አለ፤ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛ እስካሁን ይውጣል። እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንቱን ሊያዘገዩ ይችላሉ።

ዲክሎፌናኩን መጀመሪያ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። መቼ እንደሚያቆም አልነገርኩትም። ያን ቀን ከአባትየው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

ስለዚህ እናንተም ብረት የገባለት ልጅ ካላችሁ የሚውጠውን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ ማስታገሻው መቼ እንደሚቆም ጠይቁ። ቁስሉ ፈሳሽ ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብረቱ ዙሪያ ኢንፌክሽን ካለ የትኛውም አጥንት አብቃይ አይረዳም። ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት ወይም ዞሌድሮኒክ አሲድ የምትወስዱ እናቶች ደግሞ፣ ጥርስ ከማስነቀላችሁ ወይም ከማስተከላችሁ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት። አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት ይጎዳል። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙት።

የልጁን ደም አስመርምረናል፤ የኢንፌክሽን ምልክት የለም። ከ6 ሳምንት በኋላ ራጁን ደግመን እናያለን። ካልገጠመ ከራሱ ዳሌ አጥንት ወስደን እንሞላለታለን። በሬው እስካሁን አልተሸጠም።