ስለ እግር ኳስ ክርክርና ስለ ቍጥር

በወላይታ አገር፥ የኦፋ ወረዳ ከተማ በሆነችው በገሱባ፥ በገበያ ቀን ከቡናው ጋራ አብሮ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእግር ኳስ ክርክር ነው። ጐልማሳው ስለ ወላይታ ድቻ ይናገራል፤ ሽማግሌው ስለ ብሔራዊው ቡድን ያነሣል፤ ለዕረፍት የመጣው ተማሪም የኮሌጁን ቡድን ያወድሳል። ነገሩ ከጨዋታ ወደ ቍጥር፥ ከቍጥርም ወደ ጠብ ይደርሳል። ይህን ሰምቶ «ከንቱ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ የሯጮችን ነገር ለመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ አድርጎ ካመጣ፥ ከኳስ ክርክርም ትምህርት መፈለግ ነውር አይደለም።

የመጀመሪያው ጠብ የሚነሣው ከዘመን አቈጣጠር ነው። አንዱ «ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በ1954 ነው» ሲል፥ ሌላው «በ1962 ነው» ብሎ ይነሣበታል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የሚከራከሩትም በከንቱ ነው። አንደኛው በእኛ፥ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ቈጥሯልና። ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንድ ዲያቆን በመካከላቸው ቢገኝ ቀኑን እንኳ ይነግራቸው ነበር፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ ዕለተ እሑድ፥ የቃና ዘገሊላ ማግሥት። በዚያ ቀን በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ግብፅን፥ በጊዜው ስም የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ፥ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፥ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ።

ሁለተኛው ጠብ የሚነሣው ከቍጥሩ ክብደት ነው። «የዚያን ጊዜ ውድድር እኮ አራት ቡድን ብቻ ነበረው፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ ተጫውታ ነው ዋንጫ የወሰደችው» ብሎ የሚያቃልል አለ። ቍጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቍጥር ያለ ዘመኑ አይነበብም። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ጥቍርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ስትወጣ፥ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። እንግዲህ የ1954ቱ ድል ታላቅነት የሚታወቀው የ1949ኙ ሽንፈት ሲታወቅ ነው። ሽንፈቱን የሚደብቅ ደጋፊ የገዛ ድሉን ያሳንሳል።

ለገሱባ ሰዎች ከሁሉ የሚቀርበው ግን የወላይታ ድቻ ነገር ነው። ደጋፊዎቹ «የጦና ንቦች» ብለው የሚጠሩት ይህ ቡድን በ2010 ዓ.ም.፥ በዐቢይ ጾም ወራት፥ ከግብፁ ዛማሌክ ጋራ ተገናኘ። ዛማሌክ የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደ ታላቅ ቡድን ነው። ድቻ በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በድምሩ 3 ለ 3 ስለ ሆኑም በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አልፎ ሄደ። እዚህ ላይ ክርክሩ ይግላል። አንዱ «ዛማሌክን አሸነፍን» ይላል፤ ሌላው «አንድ አሸንፈን አንድ ተሸንፈናል፤ በመለያው ምት ግን አለፍን» ይላል። የሁለተኛው ቃል ቀዝቃዛ ቢመስልም ክብሩን አይቀንስም፤ ይልቁንም ማንም ሊያፈርሰው የማይችል ያደርገዋል። ቀጥሎም በታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ በድምሩ 2 ለ 1 ተሸንፎ መውጣቱ በዚያው መዝገብ ሊጻፍ ይገባል።

«ቍጥር ቢጠበቅ ባይጠበቅ ምን ያመጣል?» የሚል ቢኖር፥ የ2005ን ዓመት ያስታውስ። ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትጫወት በሰኔ ወር ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ቀጥሎም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስትረታ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ እልል አለ። ነገር ግን ከቦትስዋና ጋራ ከተሰለፉት አንዱ ቀድሞ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለ ተቀበለ በዚያ ቀን ሊያርፍ የሚገባው ሰው ነበረ። ይህን የቈጠረ አልተገኘም። ስለዚህ ድሉ ተሽሮ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፈች ተጻፈ፤ ነጥቧም ከ13 ወደ 10 ወረደ። በጳጉሜን ወር መካከለኛው አፍሪካን አሸንፋ ምድቧን በአንደኛነት ባትፈጽም ኖሮ፥ የዐሥራ አንድ ሰው ላብ በአንድ መስመር ጽሕፈት ጉድለት በቀረ ነበር።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ኀዘን ያውቀዋል። ትናንት በጉባኤ የተነገረ ቅኔ የጻፈው ወይም በቃሉ የያዘው ካልተገኘ፥ ነገ «ይህ ጉባኤ ቃና የማን ነው?» የሚል ሙግት ብቻ ይቀራል። የ1954ቱ ጀግኖችም እያለፉ ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ በ2003፥ ሉቻኖ ቫሳሎም በ2015 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መቍጠር ሁለት ነገር ያስተምራሉ። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ እስራኤልን ቈጠረ፤ መጽሐፉም ስለዚህ ኦሪት ዘኍልቍ ተባለ። ዳዊት ግን በልቡ ታብዮ ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት ወረደ። መቍጠሩ አንድ ሆኖ ሳለ ፍጻሜውን የለየው የቈጣሪው ልብ ነው። ቍጥርን ለእውነት የሚይዝ ደጋፊ ከባላጋራው ጋራ አብሮ ቡና ይጠጣል፤ ለትምክሕት የሚይዝ ግን የጎረቤቱን ልጅ ጠላት ያደርጋል።

ስለዚህ የገሱባ ጐልማሶች ሌላ ሳይጠብቁ አንድ መዝገብ ቢከፍቱ መልካም ነው። ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር፥ ስፍራውን፥ ግቡን ያስቈጠረውን፥ ካርድ የተቀበለውን፥ ድሉንም ሽንፈቱንም ይጻፉበት። ማንም የማያስታውሳቸውን የትምህርት ቤትና የኮሌጅ ቡድኖችንም አይርሱ። ንብ ስትበር ያማረች ናት፤ ማሯ የሚገኘው ግን ቀፎ ያዘጋጀላት ሰው ዘንድ ነው።