ጌታን ሳይሆን ጎማውን

የመጋቢ ሚስት ስለ መኪና ጎማ ስትጽፍ ግር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እኔም መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በተማርኩባቸው ዓመታት ስለ ጎማ ያስተማረኝ ማንም የለም። ነገር ግን በቤታችን ውስጥ ይህን ያህል ዝም ያሰኘን፣ በኋላም ይህን ያህል ያነጋገረን ጉዳይ ስለሌለ፣ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አበባ ናት። ከቱሉ ቦሎ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በበቾ ሜዳ ላይ፣ የምናግዛት አንዲት የገጠር አጥቢያ አለች። ከጅማ አስፋልት ከወረድን በኋላ መጀመሪያ ኮረኮንች፣ ቀጥሎ ድንጋያማ የወንዝ መሻገሪያ፣ በመጨረሻ ደግሞ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል መረሬ ነው። በቾን በክረምት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ገበሬው እንኳ ሽምብራውንና ጓያውን የሚዘራው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አምስት እህቶችን ይዘን ወደዚያች አጥቢያ ልንሄድ ተነሣን። ጠዋት ሻንጣ ሲጫን በመኪናዋ በኩል ሳልፍ፣ በፊተኛው የግራ ጎማ ጎን ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት አየሁ። ቆም ብዬ ተመለከትኩት። እህቶች እየዘመሩ ነበር፤ ባለቤቴም ባለፈው እሁድ ስለ እምነት ሰብኮ፣ ሕዝቡ ገና እጁን ጨብጦ አልጠገበም። የመጋቢ ሚስት ሆኜ በዚያ ሰዓት ፍርሃት ብናገር ምን ይሉኛል አልኩ። ገብቼ ተቀመጥኩ።

በደህና ደርሰን አገለገልን። ስንመለስ አስፋልቱ ላይ ጎማው ፈነዳ። መኪናዋ ወደ ቦዩ ገባች፣ የአንዲት እህታችን ክንድም ተሰበረ። ሌሎቻችን ተርፈናል፤ ስለዚህ ጌታን ሁላችን አመሰገንን። እኔ ግን እያመሰገንኩ ውስጤ አላረፈም ነበር። ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ወደ ገጠር በመኪና አልወጣንም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ምእመናን አዋጥተው ለመኪናዋ አራት አዲስ ጎማና ስኮርት እንድንገዛ ገንዘብ ሰጡን። ባለቤቴ የመረጠው በተለምዶ ኤ.ቲ. የሚባለውን፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነውን ጎማ ነበር። እኔ ደግሞ አስቀድሜ ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሄድኩ። እኒህ ጋሼ ዕድሜያቸውን ከጎማ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጥተውኝ እንደ ፊደል አስቆጠሩኝ።

265/70 አር 16 ቢል፣ 265 ወርዱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት የወርዱ ሰባ በመቶ መሆኑን፣ 16 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። ቀጥሎ 112 ካለ አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የልደት ቀኑ ናቸው፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች። ስለ እብጠትም ጠየቅኳቸው። ጎማው በድንጋይ ወይም በጉድጓድ ሲመታ በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፣ ንፋሱም በዚያ በኩል ላስቲኩን ይገፋዋል፤ እሱ አይጠገንም፣ ይጣላል አሉኝ። “ያን ያየ ሰው መኪናውን ማስነሣት የለበትም” ሲሉ መሬት መሬት አየሁ።

መርካቶ የገባንበት የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየን ጎማ ያብረቀርቅ ነበር፤ ጥርሱ አልተነካም። ጎንበስ ብዬ ሳነብ 2815 ይላል። በፈረንጆች 2015 ሃያ ስምንተኛው ሳምንት! ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ አንዳንድ አምራቾችም ከተሠራ ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ደህና ቢመስልም እንዲቀየር ይመክራሉ። ሻጩ “እናቴ፣ ይህ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም” አለኝ። ባለቤቴ እኔን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ ወጣን። ሌላ ቦታ 4523 የሚል አገኘን።

ከገጠመ በኋላ “ሰው ከመጫናችን በፊት ሁለታችን ብቻ ሄደን እንፈትነው” አልኩት።

“ጌታን አትፈታተኝ!” አለኝ እየሳቀ።

“ጌታን ሳይሆን ጎማውን ነው” አልኩት። በማቴዎስ 4 ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ አልዘልም ያለው እምነት ጎድሎት እንዳልሆነ እሱ ራሱ አስተምሮናል። ሳቁን አቆመና “መቼ እንሂድ?” አለ።

ባዶ መኪና ምንም አይናገርም ስላሉን ጋሼ፣ ለአጥቢያዋ መበለቶች የተዘጋጀውን አራት ኩንታል ስንዴ ጫንን። አምስትና ስድስት ሰው ያህል ክብደት ነው። ንፋሱን 35 ፒ.ኤስ.አይ. ሞላን፣ መለኪያውን እኔ ያዝኩ።

አስፋልቱ ላይ ጎማው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ከዚያ በቀር የሚያስከፋ ነገር አላየሁም። ኮረኮንቹ ላይ ግን ልዩነቱን እኔ እንኳ በመቀመጫዬ አወቅሁት። ድሮ መታጠፊያ ላይ ኋላው ይንሸራተት ነበር፤ አሁን ይዞ ይሄዳል። ወንዙ ጋ ስንደርስ የአራቱንም ንፋስ ወደ 22 አወረድን። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው መሬት ላይ ረዘም ብሎ ይተኛል፣ ድንጋዩንም ከመግፋት ይልቅ አቅፎ ያልፈዋል። እኔ ወርጄ በእጄ እየመራሁት አለፈ። የተሳለ ድንጋይ በጥርሱ ሥር ይለፍ እንጂ በጎኑ በኩል እንዳይልፍ ነው ጭንቀቴ። ማዶ ከወጣን በኋላ በባትሪ አራቱንም ጎማ ዞሬ አየሁ። አንድ ጭረት አላገኘሁም። ደስ አለኝ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፤ ባለቤቴ ደግሞ እንደ ልጅ እያፏጨ ነበር።

ፉጨቱ መረሬው ላይ ቆመ። መቶ ሜትር ሳንሄድ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ ያ ሁሉ ጥርስ ጠፋ፤ አራቱም ጎማ እንደ ተላገ እንጨት ልሙጥ ሆነ። መኪናዋ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናት፣ ሁለቱንም አስገብቷል፤ ግን ጎማው ይዞራል፣ መኪናዋ ትቆማለች። ነዳጅ ሲሰጥ እየሰመጥን መሆናችንን አየሁና “ተው፣ አትስጣት” አልኩት። ተወ። በአካፋ ቆፍረን፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከሥሩ አንጥፈን ወጣን። ከዚያ ጥቂት እልፍ እንዳልን ዲፈረንሻሉ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ አሁን ቅርንጫፍም አካፋም አልረዳም። የአጥቢያዋ ወንጌላዊ ሁለት ጥማድ በሬና ስድስት ሰው ይዞ መጣ። በሬዎቹ ወደ ኋላ ጎትተው አወጡን። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንጌላዊው “በሐምሌ እዚህ የሚሄደው እግርና ፈረስ ነው፣ ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ጎማ አታስፈልግም ነበር እያሉ ነው” ብሎ ተረጎመልን። ስንዴው በፈረስ ሄደ።

ስንመለስ ባለቤቴ “ኤም.ቲ. ብንገዛ ኖሮ” አለ። እውነት አለው፤ የዚያኛው ጥርስ ሰፋ ሰፋ ያለ ስለሆነ ጭቃውን እየወረወረ ይሄዳል። ነገር ግን ከመንገዳችን 80 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ነው፤ እዚያ ላይ የበለጠ ይጮኻል፣ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይም አያያዙ ከኤ.ቲ. ያንሳል። የገዛነው ጎማ ለመንገዳችን ልክ ነው። ለሐምሌ መረሬ ግን ሁለቱም ዋስ አይሆኑም።

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆመን ንፋስ መሙላት ነበረብን። በ22 አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን በጎኑ እያጠፈ ያሞቀዋል፣ በዚያው ሊፈነዳም ይችላል። ትንሿን ኮምፕረሰር ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ተንበረከከ። እኔም ጭቃ በጭቃ እንደሆንኩ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

“የእህቶችን ጉዞ በሚቀጥለው ሳምንት ብዬ ከመድረክ አስታውቄአለሁ” አለ።

“ወደ ጥቅምት ይዛወራል በል።”

“እምነት ጎደለው ይላሉ።”

መልስ መስጠት ሲገባኝ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። “በ2014 እብጠቱን ጠዋት አይቼው ነበር” አልኩት። “አይቼ ዝም አልኩ።” ሁለት ዓመት ሙሉ የእህታችንን ክንድ ባየሁ ቁጥር የዋጥኩት ነገር ነው፤ በጸሎት ለጌታ ነግሬዋለሁ፣ ለባለቤቴ ግን አልነገርኩም ነበር።

ኮምፕረሰሩን አጠፋው። ቀና ብሎ አላየኝም። “እኔም አይቼው ነበር” አለ። “አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

አንድ አይሱዙ ጭነት መኪና አጠገባችን አልፎ ውኃ ረጨን። ከዚያ ወዲህ የተነጋገርነውን ሁሉ አልጽፍም። እህታችን ዘንድ አብረን ልንሄድ፣ ሁለታችንም ልንነግራት ተስማማን። ለእሁዱም ያየውን እንዳለ ለጉባኤው ሊናገር፣ በሬዎቹን ጨምሮ።

ኮምፕረሰሩን መልሶ አስነሣው። እኔም መለኪያውን ቫልቩ ላይ አደረግሁ።

“ሞላ?” አለኝ።

“አልሞላም፤ 33 ነው።”

“እሺ፣ ሲሞላ ንገሪኝ።”