ልጄን መድረክ ላይ ፈልጌ አጣኋት

ልጄ ከአገር ቤት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። መምህራኖቿ «ክፍል ውስጥ ቃል አይወጣትም» ይሉኛል። እዚህ ሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የትምህርት መምረጫ ቅጽ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ፈርምልኝ» አለችኝ። ባየው የመረጠችው ቴአትር ነው። «ሌሊት ታክሲ የምነዳው አዝማሪ ላሳድግ ነው?» ብዬ መለስኩላት። አልተከራከረችኝም፤ አለቀሰች እንጂ።

ማታ እናቷ ቅጹን አንብባ አስረዳችኝ። ለካ በዚህ ግዛት ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ አንድ የኪነ ጥበብ ክሬዲት ግዴታ ኖሯል! ቅር እያለኝ ፈረምኩ።

የትርኢቱ ዕለት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ብጠብቅ ልጄ የለችም። ተናደድኩ። ሲያልቅ ከመጋረጃው ጀርባ ጥቁር ለብሳ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አገኘኋት። መብራቱ መቼ እንደሚበራ፣ መጋረጃው መቼ እንደሚዘጋ ስታዝ ያመሸችው እሷ ኖራለች፤ ያውም በእንግሊዝኛ!

ነገሩን ሳስበው አፈርኩ። በእኛስ አገር እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶቻቸውን በተማሪዎች ያሠሩ አልነበረምን? ጸጋዬ ገብረ መድኅንስ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ከቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ቢመረቅም፣ ስሙ የቀረው በቴአትርና በቅኔ አይደለምን?

ወላጆች ሆይ፣ ቅጹ ሲመጣ ሳታነቡ «አይሆንም» አትበሉ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ልጄ ራት ላይ ታወራለች፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ።