ፊሊፒናውያን የሚናፍቁት መሪ

ፊሊፒናውያን ሐቀኛ መሪ ሲናፍቁ ያላዩትን እያለሙ አይደለም። ራሞን ማግሳይሳይ እ.ኤ.አ. በ1953 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ የማላካኛንግን ቤተ መንግሥት በር ለተራው ሕዝብ ከፍቶ ነበር። የናጋ ከተማ ከንቲባ የነበረው ጄሲ ሮብሬዶም በነጠላ ጫማ ከሕዝቡ መሀል የሚገኝ ሰው ነበር፤ በ2012 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ እንኳ ስሙ ሲነሳ ያ ነጠላ ጫማ አብሮ ይነሳል። ማግሳይሳይንም በ1957 ከፊሊፒናውያን የነጠቀው የአውሮፕላን አደጋ ነው።

«ታዲያ የሚመርጡት ራሳቸው አይደሉም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1986 በማኒላ ኤድሳ ጎዳና ለተቃውሞ ወጥተው ከሥልጣን ያባረሩትን የፕሬዚዳንት ማርቆስን ልጅ በ2022 ከ31 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሰጥተው ፕሬዚዳንት አድርገውታል። ግን መራጭ የሚመርጠው ከቀረበለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፖለቲካ ሥልጣንን በቤተሰብ መወራረስን ቢከለክልም ትርጉሙን ለሚወጣ ሕግ ተወው። ሕግ አውጪው ምክር ቤት ደግሞ ሥልጣን በሚወራረሱት በእነዚያው ቤተሰቦች የተሞላ ነው፤ በገዛ እጁ እንጀራውን የሚቆርጥ ማን አለ? ሕጉ ከ30 ዓመት በላይ ሳይወጣ ቀረ።

«ሐቀኝነት ብቻውን አገር አያስተዳድርም» ለሚሉም መልሱ ጎርፉ ነው። በ2025 በቡላካን ክፍለ ሀገር በወረቀት ተጠናቀቀ የተባለ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቦታው ላይ ሲፈለግ አልተገኘም። በዚያ አገር ሌብነት ቤት ያሰጥማል፤ ሐቀኝነት ራሱ የአስተዳደር ችሎታ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ውስጥ ይህን ሌብነት በመቃወም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማኒላ ላይ ሰልፍ ወጡ። የወጡበት ዕለት አባት ማርቆስ በ1972 ያወጀው ወታደራዊ አገዛዝ የሚታሰብበት ቀን ነበር።