የቻይና መልክ

የአንድ አገር ስም በአማርኛችን ቅጽል ሆኖ ሲያገለግል ሰምታችሁ ይሆናል። መርካቶ ውስጥ ጫማ ስትመርጡ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሲምል፣ አብሯችሁ የሄደው ወዳጅ ጠጋ ብሎ «ተዉት፣ ቻይና ነው» ይላችኋል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችው ቻይና ወረቀትንና ባሩድን ለዓለም ያበረከተችው አይደለችም፤ ክረምቱን ሳይጨርስ አፉን የሚከፍት ጫማ ናት። ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም። ርካሹን መርጦና አዝዞ የሚያስመጣው የእኛው ነጋዴ ነው፤ ከዚያው አገር የሚወጣውን የተሻለ ዕቃ ገንዘብ ያለው አገር ይወስደዋል። ይኸው አፍ በሌላ ቀን ደግሞ ሌሊቱን በመብራት አስፋልት ሲያነጥፉ ያደሩትን ሠራተኞች አይቶ «ቻይናዎች እኮ እንቅልፍ የላቸውም» ሲል በአድናቆት ይናገራል። በገጠር መንገድ ዳር የቆሙ ሕፃናትም ድሮ «ፈረንጅ!» ይሉ የነበረውን ትተው፣ አላፊው መንገደኛ ጀርመናዊም ቢሆን «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይጮኹበታል።

ታዲያ አንድ አገር በሌላው ሕዝብ ዓይን መልክ የሚያወጣው በምን መንገድ ነው? ይህን ጥያቄ የቻይና መንግሥት ራሱ አጥብቆ ጠይቆታል። አሜሪካዊው ምሁር ጆሴፍ ናይ «ለስላሳ ኃይል» የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1990 ለንባብ አበቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳያስገድዱና ሳይከፍሉ፣ በመወደድ ብቻ የሌላውን ፈቃድ ማግኘት እንደማለት ነው። በ2007 በተካሄደው የኮሚኒስት ፓርቲው 17ኛ ጉባኤ ላይ ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታኦ የአገራቸውን የባህል ለስላሳ ኃይል ማጎልበት እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። የኮንፊሽየስ ተቋማት በየአህጉሩ በዙ። በ2012 የመንግሥቱ ቴሌቪዥን የአፍሪካ ማዕከሉን ናይሮቢ ላይ ከፈተ፤ በ2015 ደግሞ በጆሃንስበርጉ የቻይናና አፍሪካ ጉባኤ ለ10,000 የአፍሪካ መንደሮች የሳተላይት ቴሌቪዥን እንደሚዘረጋ ቃል ተገባ።

የእኔ ትውልድ ልብ ግን ከዚህ ሁሉ ዕቅድ በፊት ተማርኮ ነበር። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ በሚስማር የተጠጋገኑ፣ ላብና ቆሎ የሚሸት አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን እንገባለን። ብሩስ ሊን፣ ጃኪ ቻንን፣ መላጣ መነኮሳት በድንጋይ ደረጃ ላይ ውኃ ተሸክመው ሲሮጡ እናያለን። ተዋንያኑ የሚናገሩትን እንግሊዝኛ አንሰማውም፤ ብንሰማውም ከአፋቸው እንቅስቃሴ ጋር አይገጥምም ነበር። ግን ማን ተበዳይ፣ ማን በዳይ እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለገንም። ደሃው ተማሪ፣ የተገደለው መምህር፣ ለዓመታት በትዕግሥት የሚሠለጥነው ደቀ መዝሙር ከቤተ ክህነት ትምህርታችን ብዙም የራቁ ሰዎች አልነበሩም። ከዚያ ስንወጣ የመጥረጊያ እንጨት ተቆርጦ በገመድ ይታሰራል፤ የእናቶቻችን ጩኸት ይከተላል።

እነዚህን ፊልሞች «የካራቴ ፊልም» ነበር የምንላቸው። ካራቴ የጃፓን ቃል ነው። ቻይናን የወደድናት በጠላቷ ስም ነበር ማለት ነው። ከፊልሞቹ አብዛኞቹም የተሠሩት በሆንግ ኮንግ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሆንግ ኮንግ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። ብሩስ ሊ ራሱ የተወለደው በ1940 አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ከዋናው ምድር የመጣው የ1982ቱ የጄት ሊ «የሻዎሊን ገዳም» ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ ተረስቶ የነበረው የሄናን ገዳም በጎብኚና በሠልጣኝ ተጥለቀለቀ። የቤጂንግ ባለሥልጣን አንድም ሳንቲም ሳያወጣ፣ የአዲስ አበባ ልጅ በሕልሙ የቻይናን ተራራ ይወጣ ነበር።

ነሐሴ 8 ቀን 2008 የተከፈተው የቤጂንግ ኦሊምፒክ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ምንም ነገር በአጋጣሚ አልተተወም። 2,008 ከበሮ መቺዎች በአንድ እጅ የሚመቱ ያህል ሆነው ሲታዩ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ካዩት አንዱ ነበርሁ። ያንን ትርኢት ያዘጋጀው ዣንግ ዪሙ መሆኑን ሳውቅ የበለጠ ገረመኝ። በ1994 የሠራው «መኖር» የተሰኘው ፊልም፣ አንድ ተራ ቤተሰብ በአብዮቱ ዘመናት የደረሰበትን ስለሚያሳይ፣ በአገሩ እንዳይታይ የተከለከለ ነበር። የተከለከለው እጅ የአገሩን ታላቅ የቁም ሥዕል እንዲሥል ተጠራ። በዚያው ምሽት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን ስለ እናት አገር ስትዘምር ዓለም አየ፤ ድምፁ ግን የእርሷ አልነበረም። የዘፈነችው ሌላ ልጅ ስትሆን፣ መልኳ ለመድረኩ አይመጥንም ተብሎ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቀርታለች። የሙዚቃው ኃላፊ ይህን በራሱ አንደበት ሲገልጥ ምክንያቱ የአገር ጥቅም እንደሆነ ተናገረ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ኦሊምፒክ የምናስታውሰው ቀነኒሳና ጥሩነሽ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ያመጧቸውን አራት ወርቆች ነው፤ እኔ ግን ስለዚያች ጥርሷ ገና በመብቀል ላይ ስለነበረ ልጅ ማሰብ አልተውሁም። አንድ አገር መልኩን ለማሳመር የገዛ ልጁን ፊት ከደበቀ፣ የሌላውን ፊት እንዴት ያደርገው ይሆን?

መልሱ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ መጣ። በ2017 «ዎልፍ ዋሪየር 2» የተባለ ፊልም ከ5.6 ቢሊዮን ዩዋን በላይ አስገብቶ በቻይና የፊልም ታሪክ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ገቢ አገኘ። ኋላም ቁጡ የቻይና ዲፕሎማቶች በዚሁ ፊልም ስም ተጠሩ። ታሪኩ የሚፈጸመው በአፍሪካ ነው። በየትኛው አገር? ስም የለውም። ጦርነት አለ፣ ወረርሽኝ አለ፣ አሜሪካዊ ቅጥረኛ ወታደር አለ፣ የሚታደጉ አፍሪካውያን አሉ፤ የሚታደጋቸውም አንድ ቻይናዊ ጀግና ነው። የአገሩን ባንዲራ በክንዱ ላይ ሰቅሎ በመኪና ሲያልፍ ተፋላሚዎቹ ተኩስ ያቆማሉ። መጨረሻ ላይ የቻይና ፓስፖርት በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ዜጋው በውጭ አገር አደጋ ቢገጥመው ኃያል አገር ከጀርባው መቆሟን እንዳይዘነጋ ያሳስባል። ፊልሙ ሲቃጠሉና ሲፈነዱ ማየት ለሚወድ አሰልቺ አይደለም። ግን ያንን ሥራ ሆሊዉድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራብን አውቀዋለሁ፤ የተለወጠው የጀግናው ፓስፖርት ብቻ ነው። ደግሞም ፊልሙ እኛን ለመማረክ የተሠራ አልነበረም። ስለ እኛ እየተነገረ፣ የሚነገረው ግን ለቤጂንግና ለቾንግቺንግ ተመልካች ነው።

ይህ በግልጥ የወጣው በየካቲት 2018 ነው። የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ ለአዲሱ ዓመታቸው ዋዜማ የሚያቀርበውን ትርኢት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ይከታተሉታል። በዚያ ዓመት ከቀረቡት አጫጭር ተውኔቶች አንዱ ቻይና በኬንያ ስለሠራችውና በ2017 ስለተመረቀው የሞምባሳ ናይሮቢ ባቡር ነበር። አፍሪካዊቷን እናት ሆና የተጫወተችው ቻይናዊት ተዋናይት ፊቷን በጥቁር ቀለም ቀብታ፣ መቀመጫዋን በጨርቅ አሳብጣ፣ ፍራፍሬ የሞላ ቅርጫት በራሷ ተሸክማ፣ ዝንጀሮ አስከትላ ወጣች። ቻይናን እንደምትወድም ጮክ ብላ ተናገረች። ይህን ያነወሩ ብዙ ቻይናውያን ነበሩ፤ በዚያው ሌሊት በኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ቁጣ ሳላነሣ ባልፍ በደል ይሆናል። እኔን የቆረጠኝ ግን የቀለሙ ነገር ብቻ አልነበረም። ተውኔቱ በቅን ልቡና የተዘጋጀ ይመስለኛል። አዘጋጆቹ ወዳጅነታችንን ያከበሩ መስሏቸዋል፤ እንግዳ ጋብዞ በግብዣው ላይ የእንግዳውን አረማመድ እየኮረጁ እንደማሳቅ።

አዲስ አበቤው በ2015 ሥራ የጀመረውን፣ ቻይናውያን የሠሩትን ቀላል ባቡር ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይገባና፣ ማታ የሚያየው በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ነው። የኢስታንቡል አማት ከአማታችን ጋር ትመሳሰላለች፤ ቀንቶ የሚጠፋ ባልም አለ። ታንዛኒያ ግን ሌላ ነገር ታየ። በ2011 ስለ አንዲት ቻይናዊት ሙሽራና ስለ አማቶቿ የሚተርክ ተራ የቤተሰብ ድራማ በስዋሂሊ ተተርጉሞ ቀረበና ተመልካች አገኘ። እዚያ ውስጥ ባንዲራ አልነበረም፤ ወጥ ቤት ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን በኪሳችን ያለው ነገር ነው። ትራንሽን የተባለው የሼንዘን ኩባንያ ቴክኖ ስልኮቹን ለአፍሪካ ሲሠራ ፊደላችንን በቁልፍ ገበታው ላይ አስገባ፤ ካሜራውንም ጥቁር ፊት በደብዛዛ ብርሃን ጥላ ሆኖ እንዳይቀር አድርጎ አስተካከለው። ይህን ያደረገው ለፍቅር ሳይሆን ለትርፍ መሆኑን አላጣሁትም። ሆኖም አንድ የሼንዘን መሐንዲስ ቁጭ ብሎ፣ የእኛን የቆዳ ቀለም በትዕግሥት አጥንቶ፣ ፊታችን ራሱን እንዲመስል ደክሟል። ቤጂንግ ላይ ደግሞ አንዲት ተዋናይት በመስታወት ፊት ተቀምጣ ያንኑ ፊት በብሩሽ ቀብታዋለች። ሁለቱም ቻይና ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን መርጬ «ይህች ናት ቻይና» ማለት ያቅተኛል።

ቻይና ሥዕሏን ራሷ ለመሣል መነሣቷን አልነቅፍም፤ እንዲያውም እቀናለሁ። የ1984ን ረሀብ የቢቢሲ ካሜራ ለዓለም ካሳየ ወዲህ፣ በውጭ አገር የአገሩን ስም ተናግሮ ስለ ረሀብ ያልተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ያ ምስል ሐሰት አልነበረም፤ ሰው አድኗል። ነገር ግን ሌላ ሥዕል እስኪሣል ድረስ ብቻውን በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

የዘመናዊው ቻይንኛ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው ሉ ሹን ይህን ሕመም ያውቀዋል። ራሱ እንደተረከው፣ በወጣትነቱ ጃፓን፣ ሰንዳይ ከተማ ሕክምና ሲማር፣ ከትምህርት በኋላ በተረፈችው ሰዓት የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ምስሎች በብርሃን ለተማሪዎቹ ይታዩ ነበር። በአንዱ ምስል ላይ ለሩሲያ ሰልለሃል የተባለ ቻይናዊ አንገቱ ሊቀላ ታስሯል፤ ዙሪያውን ከበው የሚያዩትም የገዛ ወገኖቹ ናቸው፤ አካላቸው ጤናማ፣ ፊታቸው ግን ባዶ። የክፍሉ ተማሪዎች ሲያጨበጭቡ እሱም ከመካከላቸው ተቀምጧል። ሕክምናውን ትቶ ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ግን የአገሩን መልክ የሚያሳምር አልነበረም። የፈጠረው አህ ኪው ተሸንፎ አሸነፍሁ የሚል፣ ተመትቶ በደካማው ላይ የሚወጣ ምስኪን ነው። እኔን ከቪዲዮ ቤቱ ዘመን በኋላ እንደገና ወደ ቻይና የሳበኝ ያ ምስኪን ነው፤ በሰፈሬም አውቀዋለሁና።

በዚያ በ2018ቱ ተውኔት የዝንጀሮውን ቆዳ ለብሶ የወጣው አፍሪካዊ ተዋናይ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ፊቱን ማንም አላየውም። እሱ ግን በጭምብሉ ቀዳዳ አዳራሹን አይቷል፤ የሚያጨበጭቡትንም በቅርብ ሰምቷል። ስለዚያ ምሽት አንድ ነገር ጽፎ ከሆነ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ላነበው እፈልጋለሁ።