ኩላሊቷን የምትሰጥ እኅት

ሰው ለወገኑ የሚሰጠው ስጦታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ገንዘቡን፥ አንዱ ጊዜውን፥ አንዱም ምክሩን ይሰጣል፤ ከገዛ አካሉ ከፍሎ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። ዘንድሮ በቤታችን የገባው ጭንቀት ከዚሁ የመጣ ነው። የታላቅ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶች ስለ ደከሙ በሳምንት 3 ጊዜ የኩላሊት እጥበት እየተደረገለት ይኖራል። ታላቅ እኅቴም «አንዱን ኩላሊቴን እሰጠዋለሁ» ብላ ተነሥታለች። እናታችን ይህን በሰማች ጊዜ፥ «ልጄ፥ አንዱን አድናለሁ ስል ሁለታችሁንም ባጣስ?» አለቻት።

ይህ ጥያቄ የፍርሃት ብቻ አይደለም። በሌላው ኦፕራሲዮን ምላጭ የሚያርፈው በታመመ ሰው ላይ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ ከሚገኘው ጤና ጋር ይመዛዘናል። ኩላሊት ሰጪ ግን ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ቆስሎ የሚወጣ ሰው ነው፤ ለገዛ ሥጋው የሚያተርፈው የለም። ስለዚህ ለእርሱ የሚደረገው ጥንቃቄ ከሌላው ሁሉ የበለጠ መሆን ይገባዋል። እኔም መልሱን ከመጻሕፍትና ከሐኪሞች ለመረዳት ሞከርሁ፤ ያገኘሁትንም ለጓደኞቼ ተማሪዎች አካፍላለሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1954 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው የሮናልድ ሄሪክን አንድ ኩላሊት ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉለት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ኖረ፤ ሰጪው ሮናልድ ደግሞ እስከ 2010 በሕይወት ቆየ። በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ኩላሊት የሚወጣው ጎን በረጅሙ ተቀዶ፥ አንዳንድ ጊዜም የጎን አጥንት ተቆርጦ ነበር። በ1990 ዶክተር ራልፍ ክሌይማን በሴንት ሉዊስ የታመመ ኩላሊት በጠባብ ቀዳዳ አወጡ፤ በ1995 ደግሞ ዶክተር ሎይድ ራትነርና ዶክተር ሉዊስ ካቩሲ በባልቲሞር ከጤነኛ ሰጪ በዚሁ ዘዴ ወሰዱ።

ዘዴው ላፓሮስኮፒ ይባላል። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተነፋ በኋላ፥ በጥቂት ጠባብ ቀዳዳዎች ትንሽ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ፤ ሐኪሙም የውስጡን በቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። ኩላሊቱ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በታችኛው ሆድ ላይ በሚከፈት አጭር ቅድ ነው። የሚመረጠውም አብዛኛውን ጊዜ የግራው ነው፤ የደም መላሽ ሥሩ ረዘም ስለሚል ለመትከል ይመቻልና። ሕመሙ ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ሰጪውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በአሜሪካ ከ1993 እስከ 2022 ኩላሊታቸውን ከሰጡ 164,593 ሰዎች መካከል በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት 36 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ2013 እስከ 2022 ባለው ጊዜ የሞቱት 5 ብቻ ሲሆኑ፥ ይህም ከ10,000 ሰጪ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም።

ነገር ግን ቁስሉ ጠባብ ነው ማለት ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ትልቁ አደጋ ያለው በቆዳ ላይ ሳይሆን፥ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም ወሳጅ ሥር በሚዘጋበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ የተደረገ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ተንሸራቶ ደም በመፍሰሱ የሞቱ ሰጪዎች ነበሩ። ከዚህ የተነሣ በ2006 ፋብሪካው ራሱ መቆንጠጫው በእንዲህ ያለው ሥራ እንዳይገባ አስጠነቀቀ፤ በ2011ም የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን ደገመው። እንግዲህ ደኅንነቱ የተገኘው ከካሜራው ብቻ አይደለም፤ የሞቱትን ሰዎች ነገር ሳይሸሽጉ መርምረው ከተማሩ ሐኪሞችም ነው።

ከዓመታት በኋላስ? በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፥ ከ10,000 ሰጪዎች 90 ያህሉ በዕድሜያቸው ኩላሊታቸው ፈጽሞ ሊደክም እንደሚችል ገምቷል። እንደ እነርሱ ጤነኛ ሆነው ኩላሊታቸውን ካልሰጡት ግን 14 ብቻ ናቸው። አደጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የለም አይባልም። ስለዚህ ሰጪ ከመስጠቱ በፊት በብርቱ ይመረመራል፤ ከሰጠም በኋላ የደም ግፊቱንና ሽንቱን በየጊዜው ማስመርመር አለበት።

እኅቴ ምርመራዋን ገና አልጨረሰችም። ሐኪሟ ለብቻዋ አነጋግሯት፥ «እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ መተው ይችላሉ፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅዎትም» ብሏታል። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ አጽናናኝ። ሰው ተገዶ ወይም አፍሮ የሚሰጠው ስጦታ አይባልምና።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእናንተ መካከል ሐኪም ለመሆን የምትመኙ ብዙዎች ናችሁ። አገራችንም በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መትከል ስለ ጀመረች፥ ይህ ሥራ እናንተንም ይጠብቃል። በዚያን ጊዜ በፊታችሁ የሚቆመውን ሰጪ «ምንም አይደለም» ብላችሁ አታታልሉት፤ «ትሞታለህ» ብላችሁም አታስፈራሩት። ልኩን ንገሩት፥ ከዚያም ራሱ ይፍረድ። ዐውቆ የሚሰጥ ሰው ደፋር ነው፤ ሳያውቅ የሚሰጥ ግን የተወሰደበት ነው።