50 ሜትር

ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ውሃ የለውም። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ሰፊ አሸዋ ነው። ፍየል ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አካፋ የያዙ ሰዎች ገልባጭ መኪና ይሞሉበታል። ከእነሱ አንዱ አጎቴ ነው። እኔን ያስተማረኝ ከዚያ አሸዋ የተገኘ ብር ስለሆነ፣ ከሩቅ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ።

የተመረቅኩት በሲቪል ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬ ግን ኮድ ነው። አምና የደረሰኝ ሥራ ለአሸዋና ለጠጠር ማውጫ የሚጠየቁ ቦታዎችን በካርታ የሚያጣራ ሲስተም ነበር። አመልካቹ ቦታውን ያስገባል፣ የእኔ ኮድ ከወንዙ ያለውን ርቀት ይለካል። ከ50 ሜትር በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካነሰ ቀይ። 50 ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ «ለጊዜው አስገባው፣ በኋላ እንቀይረዋለን» ተባልኩ። ሶፍትዌር የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ለጊዜው» የገባ ቁጥር እኛን ይቀብረናል።

ነገሩ ከቁጥሩም ይብሳል። ዳታቤዙ ውስጥ ወንዝ ማለት መስመር ነው። ደቻቱ ግን ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ መስመር አልነበረም። ከደጋው የወረደው ጎርፍ የተኛ ሰው ላይ ደረሰ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው በውሃው ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው፤ ጠዋት ደግሞ እናቴ እንዳንወጣ በሩን ይዛ መቆሟን። ለሙከራ ብዬ ደቻቱን ሲስተሙ ላይ ጫንኩት። ያን ሌሊት ውሃ ከረገጠው ሰፈር ብዙው አረንጓዴ ሆኖ መጣ።

ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረ፣ ውሃው አንድ ቀን ያገኘዋል። ሲገባበት ጠርዙን እየናደ ወደ ላይ፣ ወደመጣበት ይሸረሽራል፤ መንገዱ ላይ የድልድይ መሠረት ካለ እሱንም ያጋልጣል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ኢስት ፎርክ ሉዊስ የሚባል ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1996 በጎርፍ ጊዜ መንገዱን ትቶ በተተዉ የጠጠር ጉድጓዶች ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ጉድጓዶቹ ከወንዙ አጠገብ እንጂ ወንዙ ውስጥ አልነበሩም። በእኔ ኮድ ቢፈተሹ ያልፉ ይሆን ነበር።

የተቆፈረውን መልሶ ማዳንስ? የማገገሚያ ዕቅድ የሚጫንበት ቦታ ፎርሙ ላይ አለ። ባዶ ገጽ ቢጫንም ያልፋል፤ ሞክሬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት (በድሬ ልማድ «አንተ» ነው የምለው፣ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ይደነግጣሉ)። ሳቀብኝ።

«አቦ! አሸዋውን ማን አመጣው? ጎርፉ አይደል? እኛ ካላነሳነው ወለሉ ከፍ ይልና ውሃው ግንቡን ዘሎ ቤት ይገባል።»

እውነቱን ነው። ክረምት ያመጣውን ያህል ከላይ እየገፈፉ ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ከሚመጣው በላይ በኤክስካቫተር እየቆፈሩ ወደ ታች መውረድ ሌላ። የእኔ ኮድ ሁለቱን አይለይም። እንዲያውም አጎቴ ወንዙ ውስጥ ስለሚሠራ ቀይ ነው። 60 ሜትር ርቆ አሥር ሜትር የሚወርድ ማሽን ግን አረንጓዴ።

ሁለት ሳምንት በትርፍ ሰዓቴ ሠራሁበት። መስመሩን አውጥቼ ጎርፍ የሚደርስበትን ስፋት አስገባሁ፣ ጥልቀት የሚሞላበት ቦታ ጨመርኩ፣ የማገገሚያ ዕቅዱ በሰው ሳይታይ ማመልከቻው እንዳይቀጥል አደረግኩ። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፦ ከውሉ ውጪ ነው። ሲስተሙ በ50 ሜትሩ ሥራ ጀመረ። እኔም ደመወዜን ተቀበልኩ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወለ።

«ያ ካርታህ ምን አለኝ?»

«ቀይ ነህ።»

ትንሽ ዝም አለና «መኪናው መጣ፣ ልጫን» ብሎ ዘጋው።